ስፓኒሽ ለጀመረች የጂጂጋ ልጅ

ልጄ፣ በቴሌግራም የላክሽልኝ ደረሰኝ። ስፓኒሹ በደህና እየሄደልሽ ሳለ «ሴ» የምትባለው ነገር መጥታ አላላውስ እንዳለችሽ ጽፈሻል። ስልክሽ ላይ የጫንሽው አፕ የሚያስረዳሽ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ደካማ መምህር ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማሊኛ እየተናገረች ያደገች ልጅ በእንግሊዝኛ ዞራ ስፓኒሽ ስትማር፣ ከጂጂጋ ቶጎ ውጫሌ ለመግባት በአዲስ አበባ በኩል እንደ መሄድ ነው። የሚያስፈልግሽ አብዛኛው ነገር አፍሽ ላይ አለ። በቁጥር እየለየሁ ጽፌልሻለሁ።

1. «ራስ» የምትለዋን ቃል ለጊዜው እርሻት። አፑ «ራስን ማጠብ» እያለ ያስተምርሻል። እኛ ግን «ራሴን አጠብኩ» ስንል ሰሚው ጸጉራችንን ነው የሚያስበው። ገላችንን ስናጸዳ «ታጠብኩ» እንላለን። አጠበ ሲሆን ልጁን ነው፣ ሸሚዙን ነው፣ መኪናውን ነው፤ ታጠበ ሲሆን ሥራው ወደ ሠሪው ይመለሳል። ስፓኒሽም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። ላባር ማጠብ፣ ላባርሴ መታጠብ። ሌባንታር ማንሳት፣ ሌባንታርሴ መነሳት። ሴንታር ማስቀመጥ፣ ሴንታርሴ መቀመጥ። የሰዋስው መምህራኖቻችን ግስን በአምስት አዕማድ ሲያቆሙ፣ ማለትም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ብለው ሲለዩት፣ «በራሱ ላይ አድራጊ» የሚል ስድስተኛ ዓምድ አላቆሙም። ተደራጊው ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል። «ሴ»ንም እንደዚያው እያት፤ የ«ተ» ታናሽ እህት ናት።

2. ታናሽ እህቷ ግን ጠባይዋ ይለያል። «ተ» ለማንም አትለወጥም፦ ተነሳሁ፣ ተነሳሽ፣ ተነሳች፣ ተነሳን። የሚለዋወጠው ጭራው ብቻ ነው። ሶማሊኛውም በዚህ አያድንሽም። «ዋን ኢስ አርካይ» ስትዪ ራስሽን አይተሻል፤ «ዉ ኢስ አርካይ» ስትዪ እሱ ራሱን አይቷል፤ «ኢስ» ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ሁለቱም ቋንቋዎችሽ ወደ አንድ ስህተት ስለሚገፉሽ «ዮ ሴ ሌባንቶ» ማለት ይመጣብሻል። እንዳትዪው። በስፓኒሽ ፊቱም ጭራውም ይቀየራል፦

ሜ ሌባንቶ፣ እነሳለሁ።
ቴ ሌባንታስ፣ ትነሻለሽ ወይም ትነሳለህ።
ሴ ሌባንታ፣ ይነሳል ወይም ትነሳለች።
ኖስ ሌባንታሞስ፣ እንነሳለን።
ሴ ሌባንታን፣ ይነሳሉ ወይም ትነሳላችሁ።

ስፔኖች ለ«እናንተ» ብቻ «ኦስ ሌባንታይስ» የሚል ሌላ ቅርጽ አላቸው። ኩባም ሆነ የቀረው ላቲን አሜሪካ በንግግር አይጠቀምበትም። ስትሰሚው እወቂው እንጂ በመጀመሪያው ዓመት አትሸከሚው። «አንተ» እና «አንቺ» አለመለየታቸውም ጭነት ያቀልልሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከራሳችን ቋንቋ ስለሆነ ደስ ይለኛል። «እነሳለሁ» ስትዪ «ተ» የት ገባች? «ነ»ን አጥብቃ ውስጧ ተሸሽጋለች። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማይጽፍ ግን ዓይን አያያትም። «ይሸጣል» የሚለውን ተመልከቺ፤ «ሸ» ከላላ ሻጩ ነው፣ ከጠበቀ ዕቃው ነው፣ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ስፓኒሽ እንዲህ አይደበቅም። «ሴ» ካለች ተጽፋ ትገኛለች። ስለዚህ ከባዱን ቋንቋ አስቀድመሽ ችለሻል።

3. ቦታዋን ከሶማሊኛ ተማሪ። አማርኛ «አየኝ፣ አየሽ፣ አየን» ብሎ ተሳቢውን ጭራ ላይ ይለጥፋል። ሶማሊኛ ግን ከግሱ ፊት ያቆመዋል፦ «ዉ ኢ አርካይ፣ ዉ ኩ አርካይ፣ ዉ ና አርካይ»። ስፓኒሹን ስሚ፦ «ሜ ቢዮ፣ ቴ ቢዮ፣ ኖስ ቢዮ»። ስትገበያዪ በምትናገሪው ሶማሊኛ ይህን ቅደም ተከተል ስንት ጊዜ ብለሽዋል! የአዲስ አበባ ልጅ ይህን አጥንቶ ነው የሚይዘው።

ሦስት ቦታ ላይ ግን ወደ ኋላ ትሄዳለች። አንደኛው ዋናው ግስ ባልረባ ጊዜ ነው፤ «ኪዬሮ ላባርሜ»፣ መታጠብ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ድርጊቱ በሂደት ላይ ሲሆን ነው፤ «ኤስቶይ ላባንዶሜ»፣ እየታጠብኩ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ከፈለግሽ ከፊት ልትመልሻት ትችያለሽ፤ «ሜ ኪዬሮ ላባር» ብትዪ የሚቆጣሽ የለም። ሦስተኛው ትእዛዝ ነው፤ እዚያ ምርጫ የለሽም። «ሌባንታቴ» ተነሺ፤ ጉልበቱ «ባን» ላይ ነው። ስትከለክዪ ግን ወዲያው ተመልሳ ፊት ትቆማለች፦ «ኖ ቴ ሌባንቴስ»፣ እንዳትነሺ።

4. ጆሮሽን በኩባ ስፓኒሽ ክፈቺ። ይህን የምልሽ ስላደግኩበት ብቻ አይደለም፤ እዚህ አገር በቅርብ የምታገኚያቸው ተናጋሪዎች ብዙዎቹ የተማሩት እዚያ ስለሆነ ነው። ጂጂጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ስትመለስ፣ ከኢትዮጵያ ጦር ጎን በሺዎች የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮች ነበሩ። የካራማራን ውጊያ ነገር ከእኔ ይልቅ አያቶችሽ ያጫውቱሽ። ከጦርነቱ ብዙም ሳይቆይ፣ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡትን ጨምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ» ወደሚባለው የወጣቶች ደሴት ተወሰዱ። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን «ቶሮንሃ» ለቀማ፤ ቶሮንሃ ማለት ግሬፕፍሩት ነው። እኔም እዚያ ነው ስፓኒሽ የተማርኩት።

ኩባ «ስ»ን በቃል መጨረሻ ላይ ትውጣለች። ጧት የመኝታ ክፍሉ በር ላይ «ዴ ፒዬ!» ተብሎ ይጮሃል፤ ቁሙ ማለት ነው። አልጋው ላይ የቀረ ልጅ ካለ አስተማሪዋ ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ «ኢ ቱ፣ ኖ ቴ ሌባንታ?» ትላለች፤ አንተስ፣ አትነሳም? መጽሐፉ «ሌባንታስ» ይላል፤ የእሷ «ስ» ግን ትንፋሽ ሆና ቀርታለች። «ሌባንታ» ብቻውን «ያነሳል» ወይም «ታነሳለች» ሊሆን ይችላል። ለልጁ እንደተነገረ በእርግጠኝነት የምትነግርሽ «ቴ» ናት። «ሜ፣ ቴ፣ ሴ» ጌጥ የሚመስሏቸው ሰዎች ይህን ስላልሰሙ ነው። በነገራችን ላይ ኩባዎች ሲጠይቁም «ኮሞ ቱ ቴ ያማስ?» ይላሉ፤ «ቱ»ን መሐል የሚያስገቡት የካሪቢያን ሰዎች ናቸው። አፑ ስህተት ቢልሽ አትደንግጪ።

5. «ተ» ያለበት ሁሉ «ሴ» አይሆንም፤ «ሴ» ያለበትም ሁሉ «ተ» የለውም። ተማርኩ «አፕሬንዲ» ነው፣ ተናገርኩ «አብሌ»፣ ተጫወትኩ «ሁጌ»፤ አንዱም «ሜ» አይፈልግም። በተቃራኒው ነቃሁ «ሜ ዴስፔርቴ»፣ ቀረሁ «ሜ ኬዴ»፣ ወደቅኩ «ሜ ካዪ»፣ ለበስኩ «ሜ ቤስቲ» ይሆናሉ። «ቦይ ኣ ሐረር» ካልሽ ሐረር መሄድሽን ነገርሽን፤ «ሜ ቦይ» ካልሽ ከእኛ መለየትሽን። እነዚህን በደንብ መርምሮ መለየት አይቻልም፤ በቃል ነው የሚያዙት። ሰውነትና ልብስ ላይ ደግሞ «የኔ» ማለት ይቅር፦ «ሜ ላቦ ላስ ማኖስ»። እጆቹ የማን እንደሆኑ «ሜ» ተናግራለች።

6. «ኢብሶ»ን አስታውሺ። በሶማሊኛ «ኢቢ» ሽጥ ነው፣ «ኢብሶ» ግዛ፤ «ካሪ» አብስል፣ «ካርሶ» ለራስህ አብስል። ጥቅሙ ወደ ሠሪው ሲመለስ ጭራው ይለወጣል። ስፓኒሽም «ሜ ኮምፕሬ ኡን ቤስቲዶ» ሲል ቀሚሱን ለራስሽ ነው የገዛሽው፤ «ሜ ቶሞ ኡን ካፌ» ሲል ቡናውን አጣጥመሽ ልትጠጪው ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህ «ሜ» ለምን እንደገባ ሲጨነቅ ያመሻል። አንቺ አትጨነቂም።

7. ግድግዳ አንብቢ። «ሴ» ሠሪው ሳይጠራም ትሠራለች። እኛ አጥር ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብለን እንጽፋለን፤ እነሱ «ሴ ቤንዴ» ይላሉ። እኔ ኩባ በነበርኩበት ዘመን ይህ ጽሑፍ ቤት ላይ አይታይም ነበር፤ ቤት መሸጥ ክልክል ነበርና። በር ላይ የሚለጠፈው «ሴ ፔርሙታ» ነበር፣ ይለወጣል ማለት ነው፤ ሰው ቤቱን በቤት ይቀይር ነበር። መሸጥ የተፈቀደው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሴ ቤንዴ» ግድግዳውን ሞላው። የአንድ አገር የቤት ሕግ በአንድ ግስ ሲለወጥ ታያለሽ።

ሶማሊኛውም እዚህ ይገጥማል። «አፍ ሶማሊ ባ ላጉ ሃድላ» ስትዪ ተናጋሪውን አልጠራሽም፤ «ላ» ተክታዋለች። «ሴ አብላ ኤስፓኞል» ማለትም ይኸው ነው።

8. አሁን ወደምወደው መጣሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ትሪ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ብርጭቆ ቢያመልጠው ለባለቤቱ ምን ይላል? «ሰበርኩት» አይልም። «ተሰበረብኝ» ነው የሚለው። ብርጭቆው በራሱ እንደተሰበረ ሆኖ፣ ልጁ ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ሆኖ ቀረ። ስፓኒሹን ቁራጭ በቁራጭ አስተያዪው፦ «ሴ ሜ ሮምፒዮ ኤል ባሶ»። «ሴ» የእኛ «ተ» ናት፣ «ሜ» የእኛ «ብኝ» ናት፣ «ሮምፒዮ» ሰበረ፣ «ኤል ባሶ» ብርጭቆው። ብርጭቆዎቹ ብዙ ከሆኑ «ተሰበሩብኝ» እንደምንለው «ሴ ሜ ሮምፒዬሮን» ይሆናል፤ ግሱ የሚከተለው ብርጭቆውን እንጂ ልጁን አይደለም። «ሴ ሜ ካዮ» ወደቀብኝ፣ «ሴ ሜ ፔርዲዮ» ጠፋብኝ፣ «ሴ ሜ ኦልቢዶ» ተረሳኝ። «ሴ ቴ ካዮ» ወደቀብሽ፣ «ሴ ኖስ ፔርዲዮ» ጠፋብን። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህን ለማስረዳት ገጽ ሲጨርሱ አይቻለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ግን ሕፃን ሆኖ ዕቃ ከጣለበት ቀን ጀምሮ ያውቀዋል።

9. ለታላቅ ሰው «ኡስቴድ» በይ፣ ግሱንም በ«ሴ» አስኪጂው፦ «ኮሞ ሴ ያማ ኡስቴድ?» ማን ይባላሉ? አማርኛችን ለአክብሮት ብዙ ቁጥር ስለሚጠቀም «ሴ ያማን» ማለት ያምርሻል፤ ለአንድ ሰው ግን ነጠላ ነው። ኩባዎች «ቱ» ይቀናቸዋል፤ ባልንጀራ ለመሆን አይዘገዩም። ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ማክበር አይጎዳሽም፤ «ቱ በይኝ» ይሉሻል።

10. ውስጡ የሚቀየር ግስ አለ፦ «ሜ አኩዌስቶ» እተኛለሁ፣ «ኖስ አኮስታሞስ» እንተኛለን። «ኖስ» ላይ ወደ መሠረቱ ይመለሳል፤ ይህን ከያዝሽ በቂ ነው። «ሜ ሲዬንቶ» ግን ተጠንቀቂ። እቀመጣለሁም ይሰማኛልም ማለት ነው። «ኖስ ሴንታሞስ» እና «ኖስ ሴንቲሞስ» ላይ ግን ይለያያሉ።

11. ግሱን አውርጂው። የቅኔ ተማሪ ግስ ሲያወርድ ድምፁን አውጥቶ ነው፤ የቁርኣን ዱግሲ ልጆችም የእንጨት ሎሓቸውን ይዘው ሲቀሩ መንገድ ላይ ይሰማሉ። አፍ ሳይላወስ ዓይን ብቻውን ግስ አይዝም። ስልክ ላይ ትክክለኛውን መልስ በጣት መንካት ደግሞ ጨርሶ ንግግር አይደለም። ከመንቃት እስከ መተኛት ያሉትን አሥር ግሶች ምረጪ፦ መንቃት፣ መነሳት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ጸጉር ማበጠር፣ መቀመጥ፣ መሄድ፣ መቆየት፣ ልብስ ማውለቅ፣ መተኛት። እያንዳንዱን በአምስቱ መደብ፣ ለዛሬና ለትናንት፣ ቆመሽ ጮክ ብለሽ በያቸው። «ሜ ሌባንቶ» ካልሽ በኋላ «ሜ ሌባንቴ»፣ «ቴ ሌባንታስቴ»፣ «ሴ ሌባንቶ»፤ የመጨረሻው ላይ ጉልበቱን «ቶ» ላይ ጣዪው፣ አለዚያ ማን እንደተነሳ ይደባለቃል። እናትሽ ምን ነካት ብላ ብትመጣ እሷንም አስተምሪያት።

አሥሩንም በድምፅ ቀድተሽ በዚህ ሳምንት ላኪልኝ። የተሳሳትሽውን አርሜ እመልስልሻለሁ። «ሴ ሜ ኦልቢዶ» የሚል ምክንያት ግን አልቀበልም።