የእድራችን ደንብ ምን ይላል?

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ናት። ብርዷ ብርቱ ነው። ገብሱን የምናጭደው፣ ቤቱን የምንከድነው፣ የሞተብንን የምንቀብረው ተረዳድተን ነው። ብቻውን የሚችል የለም። እድር ያቋቋምነው ለዚህ ነው።

እድር ማኅበር ነው። ማኅበር ያለ ሕግ አይቆምም። የማኅበር ሕግ መተዳደሪያ ደንብ ይባላል። ለመሆኑ የእድራችንን ደንብ ስንቶቻችን አንብበነዋል?

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ነገሩ በማንኛውም መንደር ሊደርስ ይችላል።

አንድ ገበሬ ሃያ ዓመት ሙሉ የእድር መዋጮ ከፈሉ። ገንዘቡ ከሚስታቸው ጋር አብረው የለፉበት ነው። ሰውየው ሲሞቱ እድሩ ቀበራቸው፤ ድንኳን ተከለ፤ ሐዘንተኛዋን አጽናና። ከጥቂት ወራት በኋላ የሴትዮዋ እናት ሞቱ። ሴትዮዋ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደው «ድረሱልኝ» አሉ።

«እሜቴ፣ አባሉ ባለቤትዎ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ስምዎ በመዝገብ የለም። ደንቡ ነው» አሏቸው ዳኛው።

ሬሳ አያድርምና ሴትዮዋ ከጎረቤት ተበድረው እናታቸውን ቀበሩ። በሚቀጥለው የእድር ቀን ግን ወደ ስብሰባው መጡ። ማታ ማታ እየተማሩ ፊደል የቆጠሩ ናቸው።

«እስቲ ደንቡን አሳዩኝ። አነበዋለሁ» አሉ።

ደብተሩ ከሣጥን ወጣ። ቀስ እያሉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ባል ሲሞት ሚስት ትወጣለች የሚል ቃል የለም። ትቀጥላለች የሚልም የለም። ዳኛው አልዋሹም። ከብዙ ዓመት በፊት በስብሰባ እንዲያ መባሉን ያስታውሳሉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ ሌላ ያስታውሳሉ። የተጻፈ ነገር ግን የለም። ያልተጻፈ ደንብ ድምፁ ለጎላ ሰው ያደላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የእድሩ አባል ባልዬው ነው ወይስ ቤቱ?

የመሬት ሕግ ይህን ጥያቄ አልፎበታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ በየ20 ጋሻው የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ። በመዝገቡ የሚሰፍረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም ይላል፤ በጉልበታችንና በገንዘባችን የሠራነው ቤት ግን ንብረታችን ነው። ሴቶችም በመሬትና በንብረት ከወንዶች እኩል መብት አላቸው። በአማራ ክልል የባልና የሚስት የጋራ መሬት የይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስም ይይዛል። ታዲያ መሬቱ የሁለት፣ ቤቱም የሁለት ሆኖ፣ እድሩ የአንድ ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ስብሰባው ተከራከረ። አንዱ ተነሥተው «ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መዋጮ አልከፈሉም» አሉ። እውነት ነው። የጠየቃቸውም አልነበረም። በመጨረሻ ሁሉም ተስማምተው እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «አባሉ ቤቱ ነው። ከባልና ከሚስት አንዱ ቢሞት የቀረው መዋጮውን እየከፈለ ይቀጥላል።» ሴትዮዋ የቀረባቸውን መዋጮ ከፈሉ። እድሩም ለእናታቸው ቀብር የሚገባውን ሰጣቸው።

ደንብ ስንጽፍ እነዚህን እንመልስ፦

1. አባል ማን ነው? አባል ቢሞት ማን ይተካል?
2. መዋጮው ስንት ነው? ያልቻለ ሰው ምን ይደረጋል?
3. ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ለስንት ጊዜ ይመረጣሉ?
4. ሒሳቡን ማን ይመረምራል? ለአባላትስ መቼ ይነገራል?
5. አንድ አባል ከመቀጣቱ ወይም ከመባረሩ በፊት የት ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል?

ስብሰባው የወሰነው ሁሉ በዚያው ቀን በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ከዚያ በኋላ እንፈርም። ዱሮ ማንበብ ስለማንችል የተባልነውን አምነን ጣታችንን እንጫን ነበር። ዛሬ ግን ሳናነብ አንፈርም።

ጥያቄዎች

1. ሴትዮዋ እናታቸውን በብድር የቀበሩት ለምንድን ነው?
2. የይዞታ ደብተራችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የማን የማን ስም አለበት?
3. በእድራችሁ ደንብ ባል ወይም ሚስት ሲሞት ምን ይደረጋል? ካልተጻፈ በሚቀጥለው የእድር ቀን ጠይቁ።