ትንቢትን እንዴት እናጥና? የነቢዩ ኤርምያስ ደብዳቤ ለሰበካ ጉባኤያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአንድ የገጠር አጥቢያ የሰበካ ጉባኤው አባላት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ስለሚተከለው ችግኝ ሲመክሩ አንድ የተከበሩ አባት ተነሥተው፣ «ዘመኑ ተፈጽሞ፣ ትንቢቱ እየደረሰ፣ ዛፉን ተክለን ማን ሊጠለልበት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጉባኤው ዝም አለ። አባታችን ይህን የተናገሩት ከስንፍና አይደለም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አዝመራ ሲያወድም አይተዋል፤ ትንቢተ ኢዩኤልንም ደጋግመው አንብበዋል። እንዲህ ያለው ጥያቄ በተግሣጽ ሳይሆን ከመጽሐፍ ሊመለስ ይገባዋል።

ትንቢት አስቀድሞ የራሱ ሰሚዎች ነበሩት። ኢዩኤል የተናገረው አንበጣ እርሻቸውን ለጨረሰባቸው የይሁዳ ሰዎች ነው። ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ወደ ጾምና ወደ ንስሐ ጠራ፤ ቀጥሎም እግዚአብሔር የጠፋውን እንደሚመልስ አበሠረ። ቅዱስ ጴጥሮስም በበዓለ ኀምሳ የዚሁኑ ነቢይ ቃል ስለ መንፈስ ቅዱስ መውረድ ተረጎመው። እንግዲህ አንበጣውን ብቻ ይዞ ንስሐውን፣ የተስፋውን ቃልና የሐዋርያውን ትርጓሜ የተወ ሰው ትንቢቱን ገና አላነበበውም ማለት ነው።

የአንድምታ መምህሮቻችንም መንገድ ይኸው ነው። መዝሙረ ዳዊትን ሲተረጉሙ ብዙ ጊዜ አንዱ ስለ ሕዝቅያስ፣ ሌላው ስለ ባቢሎን ምርኮኞች ወይም ስለ መቃብያን እንደ ተነገረ ታሪኩን ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያሉ ወደ ምሥጢሩ ይሻገራሉ። ታሪኩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ዘንድሮ ዜና መሻገር ከጉባኤ ቤት ያልተማርነው ልማድ ነው።

ለአባታችን ጥያቄ የሚቀርበው ግን ኤርምያስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንንና ብዙ ሕዝብ ማርኮ ወደ ባቢሎን ወሰደ። ሐናንያ የሚባል ሰው በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ ምርኮኞቹም ንዋየ ቅድሳቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ ብሎ ተናገረ። ኤርምያስ መልሱን በአሜን ጀመረ፤ የሕዝቡን መመለስ እርሱም ይወድ ነበርና። ሐናንያ የእንጨቱን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ በሰበረበት ጊዜም ሳይከራከር ሄደ፤ የተናገረው ቃለ እግዚአብሔር ከመጣለት በኋላ ነው። በትንቢት ጉዳይ ላይ ፈጥነን ለምንናገር ለእኛ ይህ ዝምታ ብቻውን ትልቅ ትምህርት አለው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ (ምዕ. 29) ዘመኑ ሰባ ዓመት መሆኑን ነገራቸው። ከቁጥሩ በፊት ግን ትእዛዙ ይቀድማል፤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ስለ ተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ደብዳቤው ሲነበብ አርባ ዓመት የሞላው ሰው የመመለሱን ቀን እንደማያይ ያውቃል፤ ሆኖም እርሱም እንዲተክል ታዘዘ። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ይህን ምዕራፍ ያነበብሁት ሰባውን ዓመት ለፈተና ለመያዝ ነበር፤ የተከላውን ትእዛዝ ልብ ያልሁት ወደ ልማት ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው። ነቢዩ ራሱም ኢየሩሳሌም ተከብባ፣ እርሱ በግዞት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ የውሉንም ጽሑፍ ባሮክ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው አዘዘ (ምዕ. 32)። ከተማይቱ እንደምትወድቅ ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰባው ዓመት ሲቃረብ ነቢዩ ዳንኤል ቁጥሩን ከመጻሕፍት አስተዋለ። ቀን ቆርጦ ግን አላወጀም፤ ማቅ ለብሶ በጾምና በጸሎት ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ለመነ (ዳን. 9)።

ዛሬ «ተገለጠልኝ» የሚል ሲነሣ ኦሪት ዘዳግም ሁለት መመዘኛ ትሰጠናለች። በምዕራፍ 18 የተናገረው ካልሆነ ቃሉ ከእግዚአብሔር አይደለም። በምዕራፍ 13 ግን ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምልኮ የሚመራ ከሆነ አይሰማም። ሁለተኛውን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቀኒቱን ማንም እንደማያውቃት ካስተማረ በኋላ ያመሰገነው፣ ሲመጣ ለቤተ ሰቡ ምግባቸውን በጊዜው ሲሰጥ የሚያገኘውን አገልጋይ ነው።

ለአጥቢያዎች የምንመክረው ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 27 እስከ 29ንና ምዕራፍ 32ን በሰንበት ጉባኤ፣ የመጻሕፍት መምህር ባለበት፣ ከዳር እስከ ዳር እንድታነቡ ነው። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ በምን ጭንቅ ውስጥ ተናገረ ብላችሁ ጠይቁ። መምህር በአጥቢያው ከሌለ ወረዳ ቤተ ክህነቱን ጠይቁ። ጥያቄውን ያነሡትን አባቶች ከንባቡ አታርቋቸው፤ እንዲያውም አንባቢው እነርሱ ይሁኑ። የችግኝ ጉድጓድ የሚቆፈረው ክረምቱ ሳይገባ ስለሆነ ንባቡ ከሚያዝያ በፊት ቢጀመር መልካም ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።