አቀብል፣ ሩጥ፣ ሙላ፦ ለትንንሽ ልጆች የቅርጫት ኳስ ማጥቃት



እሁድ ጠዋት ልጆችን ቅርጫት ኳስ ለማሠልጠን ጊዜያችሁን ለምትሰጡ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ በዚህ ሴሚስተር ለምትጀምሩ፣ ከስህተታችን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ላይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች ኳስ ሰጥተን «ተጫወቱ» እንላቸው ነበር። አንድ ጠንካራ ልጅ ኳሱን እያነጠረ ሁሉንም አልፎ ያገባል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ሌሎቹ ኳሱን ተከትለው ይንጋጋሉ። አንድ ቀን ዳር ቆሜ አንዲትን ልጅ ብቻ ተከታተልኩ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ኳስ የነካችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሜዳ የወጣ ኳስ ልታመጣ ሄዳ። በቀጣዩ እሁድ አልመጣችም።

ከዚያ በኋላ በልምምድ ሰዓት ኳስ ማንጠርን ከለከልን። ልጆቹ ሲያጉረመርሙ የጨዋታውን አጀማመር ንገሯቸው። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥር ካወጣቸው 13 ሕጎች አንዱ ኳስ ይዞ መሮጥን ይከለክል ነበር፤ ተጫዋቹ ኳሱን ከያዘበት ቦታ መወርወር ነበረበት። ቅርጫቱም የኮክ ቅርጫት ነበር ስትሏቸው ይስቃሉ፣ ማጉረምረሙም ይቀራል።

ቀጥሎ በጠመኔ አምስት ክቦች ሳሉ፦ አንዱ ከቅርጫቱ ፊት ለፊት ራቅ ብሎ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ ሁለቱ በማዕዘኖቹ። በክቦቹ መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ይኑር። ኳስ ያቀበለ ልጅ ወዲያው ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ኳሱ ከተመለሰለት ይወረውራል፤ ካልተመለሰለት ቅርጫቱ ሥር ሳይቆም ወደ ማዕዘን ይወጣል። ጥሎት የሄደውን ክብ አጠገቡ ያለው ልጅ ይሞላዋል፣ የእሱን ደግሞ ቀጣዩ። ማጥቃቱ በሙሉ ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው መሮጡ ነው። ልጅ ኳስ ካቀበለ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለውና ቆሞ ያያል። እኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የገባ ኳስ መቁጠር ትተን ሩጫ ቆጠርን፦ አቀብሎ የሮጠ አንድ ነጥብ ያገኛል። ሌላው ችግር ለኳሱ ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ነው። «ዓይንህ ኳሱ ላይ፣ እጅህ ክፍት» እያላችሁ አስታውሷቸው። ተከላካዩ በልጁና በኳሱ መካከል ከቆመ ደግሞ በተከላካዩ ጀርባ በኩል ይግባ። ይህን በቃል አትድከሙበት፤ አንዴ ራሳችሁ ሮጣችሁ አሳዩ። ልጆቹ ኳሱ ዘንድ ሲከማቹ «ቁም!» በሉና ሁሉም ባለበት ይቁም። የት እንደቆሙ ዞር ብለው ሲያዩ ራሳቸው ይበታተናሉ።

ተከላካይ ለማስገባት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ያለ ተከላካይ፣ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ባጣመረ ተከላካይ፣ በመጨረሻ ሦስት ለሦስት በእውነተኛ ጨዋታ። አምስት ለአምስት ለዚህ ዕድሜ ይበዛል ባይ ነኝ።

ስለ ቅርጫቱም አንድ ነገር። የአዋቂዎች ቅርጫት ከፍታው 3.05 ሜትር ነው፤ ለልጆች የሚመከረው 2.60 ሜትር ሲሆን ኳሱም ቁጥር 5 ነው። የግቢያችን ቅርጫት ዝቅ አይልም፤ ስለዚህ ሰሌዳውን ለነካ አንድ፣ ላገባ ሦስት ነጥብ እንሰጣለን። ኳሱን ግን ቁጥር 5 ፈልጋችሁ አምጡ። በቁጥር 7 የስምንት ዓመት ልጅ ማቀበል አይሆንለትም።

በአምስተኛው ሳምንት ማንጠርን መለስን፤ ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ። ያ ጠንካራ ልጅ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አቀብሎ ሲሮጥ ኳሱ ቅርጫቱ ሥር እንደሚመለስለት ሲያይ ኩርፊያውን ተወ። የቀረችውን ልጅ ደግሞ በጎረቤቷ በኩል ልከን አስመጣናት። አሁን የግራውን ማዕዘን ትወዳለች። ከዚያ ተነስታ በጀርባ በኩል ስትገባ ተከላካዩ የሚያያት ኳሱ እጇ ከገባ በኋላ ነው።