ስለ ቤት ሽቶና ስለ ነጋዴ አማና

ምስጋና ለአላህ ይገባዋል፤ ሰላትና ሰላምም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ መልካም መዓዛ በዲናችን ዘንድ የተወደደ ነገር መሆኑን ዕወቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽቶ በተሰጣቸው ጊዜ እንደማይመልሱ ኢማም አል-ቡኻሪ ከአነስ ይዘው ዘግበዋል። ደግሞም ለጁሙዓ የሚወጣ ሰው እንዲታጠብ፣ እንዲጸዳ፣ ዘይት ወይም የቤቱን ሽቶ እንዲቀባ መክረዋል። «የቤቱን ሽቶ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ቃል ይነሣል።

የሞጆ ደረቅ ወደብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከጅቡቲ የሚነሣው ዕቃ በዚያ እየተራገፈ ወደ አዳማ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ ገበያዎች ይከፋፈላል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሽቶም በየሱቁ ተደርድሮ ይታያል። ነገር ግን በጠርሙሱ ላይ የጽጌረዳ ሥዕል ስላለ ውስጡ ጽጌረዳ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙው በፋብሪካ የተቀመመ ነው። እርሱን መሸጥም ሆነ መግዛት በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ያልሆነውን ነው ብሎ መሸጥ ነው። ሽቶን በገዛ እጁ ያዘጋጀ ሰው ግን በውስጡ ያለውን ያውቃል፤ ያወቀውንም ለመናገር አይቸገርም።

ይህ ሙያ ለሙስሊሞች ባዕድ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሊቅ አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ቅመማና ስለ ማንጠር አንድ መጽሐፍ ጽፎ፣ ከ100 የሚበልጡ የአዘገጃጀት መንገዶችን በውስጡ አስፍሯል። በአገራችንም ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ በሊሙና በጅማ አካባቢ በሙስሊም አርቢዎች እጅ እየተሰበሰበ፣ በቀንድ ውስጥ ታሽጎ እስከ አውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ድረስ ሲሄድ ኖሯል። ሆኖም ክብደቱ እንዲጨምር ቅቤና ሌላም ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉበት ሰዎች ስለ ተገኙ፣ ገዢው ሁሉን በጥርጣሬ መመርመር ግድ ሆነበት። የጥቂቶች ማታለል የታማኙንም ዕቃ ያረክሳል። ዝባድን ለማግኘት እንስሳውን በጠባብ በረት ማሰር ስለሚያስፈልግ ለቤት ሥራ አንመክረውም፤ ከዕፀዋት የሚገኘው ይበቃናል።

አንደኛው መንገድ የዘይት ሽቶ ነው። በአልኮል የተሠራ ሽቶን በመጠቀም ላይ ሊቃውንት የተለያየ አስተያየት ስላላቸው፣ መጠንቀቅ ለሚወድ ሰው ዘይት የተሻለ ነው። የጽጌረዳ ቅጠል ወይም አደስ በጥላ ሥር አድርቁ። ንጹሕና ደረቅ የሆነ የግማሽ ሊትር ብልቃጥ ወስዳችሁ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሳትጠቀጥቁ ሙሉት፤ 4 ወይም 5 ፍሬ ቅርንፉድና አንድ ስባሪ ቀረፋ ጨምሩበት። ከዚያም ካልተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ ዘይት ቅጠሉን በሙሉ እስኪሸፍነው ድረስ አፍስሱ። ከዘይቱ በላይ የቀረ ቅጠል ይሻግታልና። ክዳኑን ገጥማችሁ ሞቅ ባለና ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ 3 ሳምንት ያህል አቆዩት፤ በየቀኑም ነቅንቁት። ሲደርስ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልሉት። መዓዛው ደካማ ከሆነ በዚያው ዘይት ላይ አዲስ የደረቀ ቅጠል ጨምራችሁ ሥራውን ድገሙት።

ሁለተኛው መንገድ ዐረቦች «ማእ አል-ወርድ» የሚሉት የጽጌረዳ ውሃ ነው። በሰፊ ድስት መካከል የታጠበ ድንጋይ አስቀምጡ፤ በድንጋዩ ላይ ባዶ ሳሕን አኑሩ። በዙሪያው ለጋ የጽጌረዳ ቅጠል ጨምራችሁ ቅጠሉን የሚሸፍን ውሃ አፍስሱ፤ ውሃው ግን ከሳሕኑ አፍ በታች ይሁን። ክዳኑን ገልብጣችሁ ግጠሙና በላዩ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ። በዝግተኛ እሳት ሲፈላ፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ነክቶ ወደ ሳሕኑ ይንጠባጠባል። ድስቱ ሳይደርቅ እሳቱን አጥፉ። የተገኘውን ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ስፍራ አኑሩት፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ጨርሱት።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በባቱ አካባቢ ለውጭ ገበያ የሚለማው ጽጌረዳ የተባይ መድኃኒት ስለሚረጭበት ለዚህ ሥራ አይሁን፤ ከጓሯችሁ የበቀለውን ውሰዱ። ጤና አዳም ሽታው ቢወደድም፣ ቆዳን ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላልና በሽቶ ውስጥ አታግቡት። ማናቸውንም አዲስ ሽቶ አስቀድማችሁ በክንድ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ለሐጅ ወይም ለዑምራ ኢሕራም ያደረገ ሰውም ሽቶ እንደማይቀባ አትርሱ።

እኔ ደረሳ በነበርሁበት ዘመን በችኮላ ያልደረቀ ጽጌረዳ በዘይት ውስጥ ጨመርሁ። ሻገተ፤ ሸተተም። ድካሜ በከንቱ እንዳይቀር ብዬ ብዙ ቅርንፉድ ጨምሬ ሽታውን ሸፈንሁትና ለገበያ አሰናዳሁት። ሸኻችን ብልቃጡን አሽትተው፣ ከቅርንፉዱ በታች ምን እንዳለ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ወደ እህል ክምር እጃቸውን አግብተው ከላይ ደረቅ ከውስጥ ርጥብ ሆኖ ያገኙበትን፣ አታላይንም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ የነገሩበትን ሐዲስ አስታወሱኝ። ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ሐዲሱን በቃሌ አውቀው ነበር፤ በእጄ ሥራ ላይ ግን አላወቅሁትም። ዘይቱን በዚያው ቀን ደፋሁት።

እንግዲህ ነጋዴዎች ሆይ፤ በምትሸጡት ብልቃጥ ላይ በውስጡ ያለውንና የተሠራበትን ቀን ጻፉ። የቤት ሽቶ ከፋብሪካው ይልቅ መዓዛው ቶሎ የሚጠፋ መሆኑንም ለገዢው ንገሩ። የተቀመመውን የተቀመመ፣ የተፈጥሮውን የተፈጥሮ በሉ። እናቶችና አባቶችም ይህን ሥራ ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩት፤ ልጅ ሽቶ መሥራትን ሲማር እውነት መናገርንም አብሮ ይማራልና። ነቢያችን መልካም ጓደኛን በምስክ ሻጭ መስለውታል፤ ከእርሱ ባትገዛ እንኳ መልካም ሽታ ታገኛለህና። ሱቃችሁም እንደዚሁ ይሁን፤ ሳይገዛ የወጣው ሰው እንኳ መልካም ስማችሁን ይዞ ይሂድ።

አላህ ገላችንንም ንግዳችንንም ያጥራልን። አሚን።