ፊሊፒንስ ሊሄድ የተነሣው ወንድሜ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና አጠገብ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። አሁን ሞጣ መምህርት ነኝ፤ ትዳርና አንዲት ልጅ አለኝ። ታናሽ ወንድሜን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እኔ ቤት አስቀምጬ አስተምሬዋለሁ። እስከ ዛሬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «እታለም» ነው የሚለኝ። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ ሦስት ዓመት አለፈው። ባሕር ዳር ሄጄ ሥራ ልፈልግ ሲል መንገድ ይዘጋል፤ ማመልከቻ ልላክ ሲል ኢንተርኔት የለም። በመጨረሻ ወደ አባታችን ተመልሶ ሞፈር ጨበጠ። ማረሱን ነውር አድርጎት አይደለም፤ ባየው ቁጥር «ምነው እስካሁን ሥራ አልያዝህም?» የሚለው ሰው ነው ያሳመመው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ በቴሌግራም የተዋወቀው ሰው ሥራ አገኘልኝ ይላል። አገሩ ፊሊፒንስ፣ ከተማው ማኒላ፣ ሥራው «ከስተመር ሰርቪስ»፣ ደመወዙ በወር 1,200 ዶላር፣ ቤትና ምግብ በድርጅቱ። ማኅተም ያለበት ኦፈር ሌተር አሳይቶኛል። አዲስ አበባ ያለው ደላላ ለፕሮሰስ 420 ሺህ ብር ይላል። ጉዞው በባንኮክ በኩል ነው። አባታችን የጤፍ መሬታቸውን ለስምንት ዓመት አከራይተው ኪራዩን በአንድ ጊዜ ሊቀበሉ ነው። የጎደለውን 150 ሺህ ከእኔ ይጠብቃሉ። ብሩ አለኝ፤ ግን ከባለቤቴ ጋር ለቤት መሥሪያ ያጠራቀምነው ነው። ባለቤቴ «አንድ ብር አይወጣም» ብሏል።

ወንድሜ ደግሞ «እታለም፣ አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፣ የእኔን ኑሮ አታውቂውም። ካልረዳሽኝ በጅቡቲ አድርጌ በባሕር እገባለሁ» አለኝ። እናቴ በደወለች ቁጥር ታለቅሳለች። እኔ ሥራውን አላመንሁትም። ግን ከልክዬው በባሕር ሄዶ አንድ ነገር ቢሆን ገደልሁት ማለት አይደለም? ምን ላድርግ?

እታለም፣ ከሞጣ

—

እታለም፣ ወንድምሽ በሚጠራሽ ስም ልጥራሽ።

ገንዘቡን አትስጪ። አባትሽም የኪራዩን ውል ከመፈረማቸው በፊት ድረሺላቸው። ይህን በመጀመሪያ የምነግርሽ ደላላው ግማሹን ቅድሚያ ከተቀበለ በኋላ የሚመጣ ምክር የሚያስቆጭ ብቻ ስለሚሆን ነው። ቀጥሎ ምክንያቴን እነግርሻለሁ፤ ወንድምሽን እንዴት ብታነጋግሪው እንደሚሻልም አብሬ እላለሁ፤ ከገንዘቡ የሚከብደው እሱ ነውና።

ፊሊፒንስ ሰው ወደ ውጭ ለሥራ በመላክ ከሚታወቁት አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ቤይሩትና ሪያድ የኖሩ እህቶቻችንን ብትጠይቂ በየሰዉ ቤት አብረዋቸው የሠሩት ፊሊፒናውያት እንደነበሩ ይነግሩሻል። በውጭ ያሉ ዜጎቿ በዓመት ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ አገራቸው ይልካሉ። ለእነዚሁ ሠራተኞቿ ስትል በ2014 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቁማለች። ለወንድምሽ የተባለው ዓይነት ሥራ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ይዞ የውጭ ደንበኛን ማስተናገድ፣ እዚያ አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚተዳደርበት ነው፤ እንግሊዝኛን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩ የአገሩ ልጆች ይሠሩታል። ጀማሪው የሚያገኘው ከ1,200 ዶላር ግማሽ በታች ነው። እንግዲህ አስቢው፦ በራፉ ላይ ሠራተኛ የሞላለት ድርጅት ከእጥፍ በላይ ከፍሎ፣ ቤትና ምግብ ጨምሮ፣ ልምድ የሌለውን ልጅ ከቢቸና የሚያስመጣው ለምንድን ነው?

ሕጋቸውም ለእንዲህ ያለው ቅጥር በር አይከፍትም። የውጭ አገር ሰው መቅጠር የፈለገ አሠሪ የሥራ ቦታውን በማስታወቂያ አውጥቶ፣ ለሥራው የሚበቃ ፊሊፒናዊ አለመገኘቱን ለሥራና ቅጥር መሥሪያ ቤቱ ማሳየት አለበት። የሥራ ፈቃዱንም የሥራ ቪዛውንም የሚያስጨርሰው አሠሪው ነው። ለጉብኝት የገባ ሰው መሥራት አይፈቀድለትም። ነርስነትን የመሳሰሉ ሙያዎችማ በሕገ መንግሥታቸው ለዜጎች የተከለሉ ናቸው፤ በሕግ ተለይቶ ካልተፈቀደ በቀር የውጭ ሰው አይሠራባቸውም። ይህን የምጨምረው «የጤና ባለሙያም እንልካለን» የሚል ደላላ ወደ ሌላው ጎረቤትሽ እንዳይዞር ነው።

በሙያው ተፈልጎ ፊሊፒንስ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ሎስ ባኞስ በምትባል ከተማ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም አለ፤ ፎገራ ላይ በሩዝ የሚደክሙ ባለሙያዎቻችን ስሙን ያውቁታል። የእስያ ልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትና የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓሲፊክ ጽሕፈት ቤት ማኒላ ናቸው። እነዚህ የሥራ ማስታወቂያቸውን በአደባባይ ያወጣሉ፣ አመልካቹን ይፈትናሉ፣ ከአመልካች ገንዘብ አይቀበሉም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ከፊሊፒንሱ በላይ ያስደነገጠኝ «በባንኮክ በኩል» የሚለው ቃል ነው። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ምያንማር ውስጥ ያለ የካረን ታጣቂ ቡድን ከማጭበርበሪያ ግቢዎች ያወጣቸውን 260 ሰዎች ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ከ20 አገሮች የመጡ ነበሩ። ከመካከላቸው 138ቱ፣ ከግማሽ በላይ፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእኛ አገር ይህን ያህል ርቆ በሚገኝ ድንበር ላይ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ሆነው መገኘታቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አካሄዱ ይኸው ነው። ኮምፒውተር የሚችል፣ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ሥራ ያጣ ተመራቂ ይፈለጋል። በቴሌግራም ወይም በሚያውቀው ሰው በኩል «ከስተመር ሰርቪስ» ወይም «ዲጂታል ማርኬቲንግ» ይባላል። ባንኮክ ሲያርፍ የሚቀበለው ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ከዚያ ረጅም ሰዓት በመኪና ይጓዝና ሜ ሶት የተባለች የድንበር ከተማ ይደርሳል። በጀልባ ወንዝ ሲያሻግሩት ምያንማር ገባ ማለት ነው። ፓስፖርቱን ይቀሙታል፤ በሐሰተኛ ፎቶና ስም ሰው እያፈቀረ ገንዘብ እንዲያታልል ያዙታል። የታዘዘውን ካላመጣ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይቃጠላል። ልውጣ ካለ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ እንዲከፍል ይጠየቃል። ያን ጊዜ የአባትሽ መሬት ቀድሞ ተከራይቷል።

«እኔ የምሄደው ምያንማር አይደለም፣ ፊሊፒንስ ነው» ይልሽ ይሆናል። እዚያም ነበረ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በታርላክ ክፍለ ሀገር ባምባን በምትባል ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ባለ ሰፊ ግቢ፣ ፖሊስ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች አገኘ። ግቢው በኢንተርኔት ቁማር ስም የተከፈተ የማጭበርበሪያ ቦታ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ፕሬዚዳንቱ እንዲህ ያሉት የውጭ ቁማር ድርጅቶች በሙሉ እንዲዘጉ አዘዙ። የከተማዋ ከንቲባ የነበረችው አሊስ ጉዎ ደግሞ ኅዳር 2018 ዓ.ም. በሰው መነገድ ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈርዶባታል። ወንድምሽ ይህን ራሱ ፈልጎ ያንብበው።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛው የሚችለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። ኤጀንሲ ሠራተኛ የሚልከው ደግሞ ኢትዮጵያ የሥራ ስምምነት ወደ ተፈራረመቻቸው እንደ ሳውዲ አረቢያ፣ ዮርዳኖስና ኳታር ወዳሉ አገሮች ነው። ፊሊፒንስ ከእነሱ አይደለችም። ስለዚህ ያ ደላላ 420 ሺህ ብር ሲጠይቅ አሠሪው መክፈል የነበረበትን ከአንድ ገበሬ ኪስ እያወጣ ነው። እውነተኛ አሠሪ ቢኖር ኖሮ የሚከፍለው እሱ ነበር።

አሁን ስለ ወንድምሽ። «በባሕር እገባለሁ» ያለሽን እንደ ማስፈራሪያ ብቻ አትስሚው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ንግግር ነው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የመን ዳርቻ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ስንት ኢትዮጵያውያን እንዳለቁ እሱም ሰምቷል። የሚያውቀውን አደጋ ደጋግመሽ ብትነግሪው አይመለስም። ያልተነገረው ነገር ሦስት ዓመት መቀመጡ የእሱ ስንፍና እንዳልሆነ ነው። መንገዱን የዘጋው እሱ አይደለም፤ ኢንተርኔቱን ያጠፋው እሱ አይደለም። ይህን ከአንቺ አፍ ይስማ፤ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ።

«ገደልሁት ማለት አይደለም?» ላልሽኝ፦ አይደለም። ሁለት አደጋ ፊትሽ አቁሞ ለአንዱ ክፈዪ እያለሽ ነው። ለምያንማሩ መክፈልሽ ከጀልባው አያድነውም። በገንዘብሽ ሄዶ በዚያው ቢጠፋ ግን ጸጸቱ አሁን ከምትፈሪው የባሰ ይሆንብሻል።

ይህ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ወደ ቢቸና ውረጂ፤ ከቻልሽ ባለቤትሽን ይዘሽ። ባለቤትሽ ስለ ገንዘቡ ያለው ትክክል ነው፤ «አንድ ብር አይወጣም» የሚለው አነጋገር ግን ለወንድምሽ «አንተ ለእኔ ምንም አይደለህም» ሆኖ ነው የሚሰማው። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ለዚህ ደላላ አልከፍልም፤ ለአንተ ግን አለሁ» ቢለው ብዙ ነገር ይቀልላል። ከባለቤትሽ ተደብቀሽ ደግሞ ምንም እንዳትሰጪ። የጋራችሁ ገንዘብ ነው፤ ወንድምን ለማዳን የተሰበረ ትዳር ስንት አይቻለሁ።

ቁጭ ስትሉ ወንድምሽን እንደ ተከሳሽ አታስቀምጪው። ከሁላችሁም ኮምፒውተር የሚያውቀው እሱ ነው፤ መርማሪው እሱ ይሁን። ደላላውን እናንተ ባላችሁበት ይጠይቀው፦ የድርጅቱ ሕጋዊ ስምና አድራሻ ምንድን ነው? የሥራ ፈቃዱን ያመለከተው ማን ነው፣ ሰነዱስ የት አለ? ትኬቱ ማኒላ ድረስ ነው ወይስ ባንኮክ ላይ ያበቃል? አንድ ብር ሳንከፍል ልጁ ሄዶ ከደመወዙ ቢቆረጥስ? በዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ደላላው ከተቆጣ ወይም «ቦታው ዛሬ ማታ ያልቃል» ካለ ወንድምሽ መልሱን በራሱ ጆሮ ሰማ ማለት ነው። ለማጣራት የወረዳውን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ወይም አዲስ አበባ ያለውን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጠይቅ።

በእናንተ አገር ልጅ ከቤት ርቆ መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያው ከቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ፍለጋ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ተማሪ ስንት ወንዝ ይሻገራል፤ ነገር ግን የሚሄድበትን መምህር ስም ከመነሣቱ በፊት ያውቃል። ወንድምሽ የሚቀበለውን ሰው ስም አያውቅም።

አባትሽ በዚህ ነገር ሞኝ ናቸው የሚል አንድም ቃል ከአፍሽ አይውጣ። ለልጃቸው ያላቸውን ሁሉ ሊሰጡ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር የለም። ሒሳቡን ግን አብረሻቸው ሥሪ። የስምንት ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ዋጋው በዛሬ ይቆረጣል፤ የጤፍ ዋጋ ግን በየዓመቱ ይለወጣል። ሁለት ሽማግሌዎች ስምንት ዓመት ሙሉ ከራሳቸው ማሳ ጤፍ ሳያገቡ ምን ሊበሉ ነው? የመሬት ደብተሩ ላይ የእናትሽም ስም ካለ ደግሞ ያለ እሳቸው ፈቃድ ውሉ መፈረም የለበትም። እናትሽ የሚያለቅሱት ልጃቸው ይሂድ ብለው ነው ወይስ አይሂድብኝ ብለው? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። ብቻቸውን አግኝተሽ ጠይቂያቸው፤ መልሳቸው ያስገርምሽ ይሆናል።

ከ150 ሺው ጥቂቱን፣ ባለቤትሽ ከተስማማ፣ ለወንድምሽ ብታውሉት ደስ ይለኛል፤ አንድ ላፕቶፕና ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የጥቂት ወር ቤት ኪራይ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት ባለበት ሆኖ ይውሰደው። ይህ 1,200 ዶላር አያመጣም፤ አልዋሽሽም። ግን ሞፈሩን አስቀምጦ ሙያውን የሚይዝበት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቤተሰቡ እምቢ ያለው እሱን ሳይሆን ደላላውን እንደሆነም በተግባር ያየዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እሄዳለሁ ካለ ትልቅ ሰው ነውና አስረሽ አታስቀሪውም። ተኮራርፋችሁ ግን አትለያዩ፤ ያኮረፈ ልጅ ችግር ሲገጥመው ደውሎ አይናገርም። የፓስፖርቱንና የትኬቱን ቅጂ፣ የደላላውን ስልክና የተጻጻፉትን ሁሉ አንቺ ዘንድ ያስቀምጥ። ስልክ ላይ አጠገቡ ሰው ቆሞ እያስገደደው ቢሆን ሌላው የማያውቀው፣ ሁለታችሁ ብቻ የምትግባቡበት አንድ ቃል ተስማሙ። ባንኮክ ሲያርፍ ማንም ሰው «ቀሪው መንገድ በመኪና ነው» ካለው ከአውሮፕላን ማረፊያው እንዳይወጣ፣ እዚያው ፖሊስ ጋር ቆሞ እንዲደውልልሽ ከመሄዱ በፊት አስምዪው።