የሞባይል መተግበሪያ አዲስ እትም እንዴት ይወጣል? ባለሀብቱ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር፣ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ወጪ ማድረጋቸው ይታወሳል። ባንኩ እንደገለጸው የገንዘቡ መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው በባንኩ የውስጥ ሥርዓት ላይ ቢሆንም፣ ሶፍትዌር በሚሻሻልበት ሰዓት ለብልሽት እንደሚጋለጥ መተግበሪያ ለሚያሠራ ነጋዴ ሁሉ ያስተምራል።

በስልክ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ለምሳሌ በደቡብ ጎንደር የምትገኘው ሐሙሲት የገበያ ቀኗ እንደ ስሟ ሐሙስ ነው። የእህል ነጋዴዎች የሚገበያዩበት መተግበሪያ ረቡዕ ማታ ብልሽት ያለበት እትም ቢወጣለት፣ በማግስቱ ክፍያ ይስተጓጎላል። በስልክ ላይ የተጫነ እትም ተመልሶ አይሰበሰብም፤ መፍትሔው የታረመ ሌላ እትም መላክ ብቻ ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ወይም ባለስልኩ ዳታ በሚቆጥብበት ስፍራ የታረመው እትም ቶሎ አይደርስም።

ለዚህ ሲባል ባለሙያዎች የኮድ ማከማቻውን ከእትም ማውጫ መሣሪያ ጋር ያገናኛሉ። በሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈጠረው ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ እንዳደረገው ይመዘግባል። ጊትሃብን በመሳሰሉ ማከማቻዎች የተቀመጠው ኮድ እንደ ቢትራይዝ ካለ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ፣ መሣሪያው ከተመረጠው የኮድ ቅርንጫፍ ላይ መተግበሪያውን ይገነባል፣ ይፈትሻል፣ ይፈርማል፣ ወደ መደብሩም ይልካል። በዚህም አንድ ሠራተኛ በግል ኮምፒውተሩ ሠርቶ በችኮላ የሚልከው እትም ይቀራል። ለመሣሪያው የሚሰጠው ፈቃድ ግን ለሚያስፈልገው ማከማቻ ብቻ ሊሆን ይገባል።

ነጋዴ እፍኝ እህል አይቶ ኩንታሉን እንደሚገዛ ሁሉ፣ እትምም በናሙና ይወጣል። የአፕል መደብር እትሙን በራስ ሰር ለሚያሻሽሉ ስልኮች በ7 ቀናት ውስጥ ከመቶ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50 እና 100 እያደረገ ማዳረስ ይችላል። በጎግል ፕሌይ ደግሞ መጠኑን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ብልሽት ከታየ ሥርጭቱ ይቆማል።

እንግዲህ ባለሀብቱ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የሚከተለውን ነው፦

1ኛ. የኮድ ማከማቻውና የመደብሩ አካውንት የተመዘገቡት በማን ስም ነው?

2ኛ. የመፈረሚያው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ሠራተኛው ቢለቅስ?

3ኛ. እትሙ በስንት መቶኛ ይጀምራል? ሥርጭቱን የማስቆም ሥልጣንስ የማን ነው?

የእነዚህ መልስ በውሉ ላይ ካልሰፈረ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ሰው የመተግበሪያው ባለቤት መሆኑ አጠራጣሪ ነው።