ስለ ልጅ እውነት መናገርና ስለ ወላጅ ቁጣ

ልጅ ለቤት ብርሃን ነው፤ ለወላጅም ድካም ነው። ማለዳ ነቅቶ የሚስቅ ሕፃን የእናቱን የሌሊት ድካም ያስረሳታል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ያው ሕፃን የተፈጨውን ዱቄት በትኖ፣ የታጠበውን ልብስ በጭቃ ለውሶ፣ የታቀፈችውን ዶሮ ከእንቁላሏ ላይ አባርሮ ያስቈጣታል። አባትም ከእርሻ ሲመለስ ልጁ እየሮጠ ሲቀበለው ልቡ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ምራኑን ለጅራፍ መጫወቻ ቈርጦት ቢያገኝ ይናደዳል። አበው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ያሉት ስለዚህ ነው፤ ደስታውና ድካሙ ተለያይተው አይገኙምና።

ከድካሙ ሁሉ ግን ወላጅን እጅግ የሚያሳዝነው የልጅ ውሸት ነው። የፈሰሰ ዱቄት ይታፈሳል፤ የቈሸሸ ልብስ ይታጠባል፤ በወላጅና በልጅ መካከል የጠፋ መተማመን ግን በቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ልጅ ስለ ምን እንደሚዋሽ፣ ወላጅና መምህርም ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው መመርመር ያስፈልጋል።

የጥጃ ጠባቂው ምሳሌ

አንድ የ7 ዓመት ልጅ ጥጃ እንዲጠብቅ ታዘዘ እንበል። ከጓደኞቹ ጋር ገበጣ ሲጫወት ጥጃይቱ ከእናቷ ጋር ተገናኝታ ወተቱን ጠብታ ጨረሰችው። ማታ እናቱ ማለቢያዋን ይዛ ብትቀርብ የላሚቱ ጡት ባዶ ሆኖ አገኘችው። አባቱም «ማን ነው ያስጠባት?» ብሎ በትር አነሣ። ልጁ በትሩን አየና «አባዬ፤ ጥጃይቱ ከአጠገቤ አልራቀችም፤ ላሚቱን ምን እንደ ነካት እንጃ» አለ።

ወላጆቹ ላሚቱ የታመመች መስሏቸው ሲጨነቁ አደሩ። በማግሥቱ አንድ ጎረቤት ያየውን ነገራቸው። ያን ጊዜ ልጁ ሁለት ጊዜ ተገረፈ፤ አንዱ ስለ ወተቱ፣ ሁለተኛው ስለ ውሸቱ። ሁለተኛው ግርፋት ውሸትን የሚያስተወው መሰላቸው፤ ልጁ ግን የተማረው ሌላ ነገር ነው። ለሚመጣው ጊዜ ጎረቤት እንዳያየው መጠንቀቅን ተማረ።

ልጅ የሚዋሽበት ምክንያት

የ3 ወይም የ4 ዓመት ሕፃን ያልሆነውን ሆነ ቢል ልቡ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። በሐሳቡ የፈጠረውንና በዓይኑ ያየውን ገና አጥርቶ መለየት ይቸግረዋልና። ከፍ ያለው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚዋሸው ፈርቶ ነው።

ይህንንም ሊቃውንት መርምረው አይተውታል። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ የተባሉት በካናዳ አገር የሚያስተምሩ ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናት በምዕራብ አፍሪካ በሁለት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የ3ና የ4 ዓመት ሕፃናትን ተመለከቱ። በአንደኛው ትምህርት ቤት ያጠፋ ልጅ ይመታ ነበር፤ በሁለተኛው ግን በቃል ይገሠጽ ነበር እንጂ አይመታም። ሕፃኑን ብቻውን በክፍል ትተው «መጫወቻውን ዘወር ብለህ እንዳታይ» ብለው አዘዙት። ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ ማየታቸው አልቀረም። «አይተሃልን?» ተብለው ሲጠየቁ ግን በሚመቱበት ትምህርት ቤት ካሉት አብዛኞቹ ዋሹ፤ በሌላው ትምህርት ቤት የዋሹት ከእነርሱ በጣም ያነሱ ነበሩ። ደግሞም የሚመቱት ልጆች ሌላ ጥያቄ ሲከተልባቸው ውሸታቸውን በብልሃት ይሸፍኑ ነበር። እንግዲህ በትሩ ልጆቹን ከጥፋት አልከለከላቸውም፤ ማታለልን ግን አስተማራቸው።

ዝምታ የሚያመጣው አደጋ

የጥጃይቱ ነገር የአንድ ማታ ወተት ነው፤ ጉዳቱም ትንሽ ነው። ከዚሁ ሥር የሚበቅል ሌላ ነገር ግን ነፍስ ያጠፋል። «ከሠፈር አትራቅ» የተባለ ልጅ ርቆ ሄዶ ውሻ ቢነክሰው፣ ቁጣን ፈርቶ ቁስሉን በልብሱ ሸፍኖ ዝም ሊል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ያበደ ነው ተብሎ የሚጠረጠር እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች ከ100ው 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት መዳን የለም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ ግን ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ክትባት ማስጀመር ሕይወትን ያድናል። ይህ የሚሆነው ልጁ በዚያው ቀን «ውሻ ነከሰኝ» ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ስለሚታይ፣ ልጁ ከደበቀ ወላጅ የሚያውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅ ሳይፈራ እንዲናገር ማድረግ የመልካም ጠባይ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሕይወቱን መጠበቅ ነው።

ለወላጆች የሚገባ ሥራ

አንደኛ፤ የታወቀን ነገር እንዳልታወቀ አድርጎ ልጅን በጥያቄ ማጥመድ አይገባም። «ማን አደረገው?» ከማለት ይልቅ «ጥጃይቱ እንደ ጠባች አውቀናል፤ እንዴት እንዳመለጠችህ ንገረን» ማለት ይሻላል። እንዲህ የተጠየቀ ልጅ ለውሸት በር አያገኝም።

ሁለተኛ፤ ጥፋቱንና እውነት መናገሩን ለይቶ ማየት ይገባል። እውነት ስለ ተናገረ ይመሰገን፤ ስላጠፋው ደግሞ ይካስ። ጥጃ ያስጠባ ልጅ በማግሥቱ ለጥጃይቱ ሣር ያጭድላት፤ ከጨዋታውም ጥቂት ይቀነስበት። «በትር ከሌለ ልጅ ይባልጋል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሥርዓት ያልለመደ ልጅ ለራሱም ለጎረቤቱም ይከብዳልና። ነገር ግን ሥርዓትና ግርፋት አንድ አይደሉም። ያጠፋውን የሚክስ ልጅ ሥርዓትን ይማራል፤ የሚገረፍ ልጅ ግን ከገራፊው መሸሽን ይማራል።

ሦስተኛ፤ ወላጅ ራሱ ምሳሌ ይሁን። ባለዕዳ የሆነ አባት ገንዘቡን የሚጠይቀው ሰው በደጅ ሲጣራ፣ ከጓዳ ተቀምጦ ልጁን «አባቴ የለም በል» ብሎ የላከው እንደ ሆነ፣ በዚያች ቀን የውሸት መምህር እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁን ስለ ውሸት ቢቀጣው ልጁ ፍርዱን አይቀበለውም።

ለመምህራን የሚገባ ሥራ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ስለዚህ መምህሩ ሕጉን ማክበሩ ግድ ነው፤ ከዚህም በላይ የልጆቹን እውነት ለመስማት ይጠቅመዋል።

በተረት ምርጫም ማስተዋል ይገባል። ካንግ ሊና ጓደኞቹ በ2014 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ሌላ ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ልዩ ልዩ ተረት አነበቡላቸው። «ተኩላ መጣ» እያለ በውሸት ሲጮኽ ኖሮ፣ ተኩላው በእውነት ሲመጣ የሚረዳው ያጣው የእረኛ ተረት ልጆቹን ከውሸት አልመለሳቸውም። የአሜሪካ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ጆርጅ ዋሽንግተን በልጅነቱ የአባቱን ዛፍ ቈርጦ፣ ጥፋቱን ሳይደብቅ ቢናገር አባቱ ተደሰተበት የሚለው ተረት ግን ብዙዎቹን እውነት እንዲናገሩ አደረጋቸው። የዚህኑ ተረት መጨረሻ ለውጠው ልጁ ዋሽቶ ተቀጣ ብለው ሲያነቡት ጥቅሙ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው፣ የውሸተኛን መቀጣት ከመስማት ይልቅ የእውነተኛን መመስገን መስማት ልጅን የሚያበረታው መሆኑን ነው። የዋሽንግተን ነገር በታሪክ የተረጋገጠ ስላልሆነ መምህሩ «ተረት ነው» ብሎ ይንገራቸው፤ ስለ እውነት የሚያስተምር ሰው በዚህም እውነተኛ ሊሆን ይገባዋልና።

ማጠቃለያ

ያ ጥጃ ጠባቂ ልጅ እንደ ገና ጥጃይቱ ብታመልጠው፣ ሳይጠየቅ ወደ አባቱ እየሮጠ መጥቶ «አባዬ፤ ስጫወት አመለጠችኝ፤ ጠባች» ቢለው፣ አባትየው የዚያን ቀን ወተት አጥቷል፤ ልጁን ግን አግኝቷል። «ልጄ፤ ወተቱ ነገም ይታለባል፤ እውነቱን ስለ ነገርኸኝ ደስ ብሎኛል፤ አሁን ሂድና ሣር አምጣላት» ቢለው ሥርዓትም ፍቅርም አይጓደልበትም። ልጅን በማሳደግ ካለው ደስታ ሁሉ ይህ ከፍ ያለ ነው፤ ልጅ በጨነቀው ጊዜ ከወላጁ ሳይሸሽ ወደ ወላጁ ሲሮጥ ማየት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደ ተባለ፣ ዛሬ በትዕግሥት የተደመጠ ልጅ ነገ የታመነ ሰው ይሆናል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ጥጃ ጠባቂው ልጅ ከሁለተኛው ግርፋት ምን ተማረ?
2. ውሻ የነከሰው ልጅ ዝም እንዳይል በቤትና በትምህርት ቤት አስቀድሞ ምን ሊደረግ ይገባል?
3. በሠፈሩ ከሚነገሩት ተረቶች እውነት የተናገረ ልጅ የሚመሰገንበት የትኛው ነው?